የፔጆዋ የፊት ወንበር

«ሞልቷል! ሞልቷል ተባለ እኮ! ከዚህ በኋላ የሚመጣ ሰው ጣሪያ ላይ ይውጣ!»

ረዳቱ በአንድ እጁ የአውቶቡሱን በር ይዞ በሌላው ሰው እየገፋ ይጮኻል። አደይ ሰምታዋለች፤ ግን እንዳልሰማች ሆነች። የእናቷን ነጠላ ጫፍ ጨምድዳ፣ የስንቁን ጨርቅ ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ በሰዎች ብብት ሥር እየሾለከች ደረጃው ጋ ደረሰች።

«የታመመ ልጅ ይዘናል! ወደ ሐኪም ነው የምንሄደው!»

«ዛሬ የታመመ ያልያዘ ማን አለ?» አለ ረዳቱ። ይህን ብሎ ግን ዓይኑ የእናቷ ጀርባ ላይ አረፈ። ትንሹ ደበሌ በጋቢ ታዝሎ፣ ራሱን ወደ ጎን ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል እንኳ ትንፋሹ ሲያፏጭ ይሰማ ነበር። ረዳቱ እጁን ከበሩ ላይ አነሳ።

ውስጥ መቆሚያ እንኳ ጠፍቷል። ሰው በሰው ላይ ነው፤ በመተላለፊያው ላይ የበርበሬ ጆንያ፣ የታሰረ ዶሮ፣ የቆጮ ጥቅል ተደርድሯል። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነስተው «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» ሲሉ የአደይ እናት መሰለች ልጁን ከጀርባዋ ወደ ፊቷ አዙራ ቁጭ አለች። ሽማግሌው ሀቢቡ ይባላሉ። ቡታጅራ ገበያ ላይ ጨርቅ ሲሸጡ አደይ ብዙ ጊዜ አይታቸዋለች።

ደበሌ አራት ዓመቱን ገና መያዙ ነው። ሳሉ መጀመሪያ ላይ የማንም ልጅ ሳል ይመስል ነበር። ኋላ ግን ምግብ እምቢ አለ፤ ሳቁም ጠፋ፤ ጎኑ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይገባ ጀመር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደረቱን ካዳመጠ በኋላ «ይኼ ሳንባ ምች ነው። እኔ ጋ ያለው መድኃኒት አይበቃውም። ዛሬ ነገ ሳትሉ አዲስ አበባ፣ ትልቁ ሐኪም ቤት አድርሱት» አላቸው። አባታቸው ዱባለ በርበሬ ሊገዛ ቆሼ ገበያ ወርዶ ነበር። መልእክት ልከውበታል፤ ይድረሰው አይድረሰው ግን አያውቁም።

መሰለች አዲስ አበባን አይታ አታውቅም። አማርኛዋም ገበያ ላይ «ስንት ነው» እና «ቀንስ» ከማለት አያልፍም። ድሬሰሩ ፊት እንኳ እሷ በጉራጊኛ ትናገራለች፣ አደይ በአማርኛ ታደርስላታለች። አደይ ሰባተኛ ክፍል ናት። ከተማውን እሷም አታውቀውም፤ ግን ታርጋም፣ ሰሌዳም፣ የቤት ቁጥርም ማንበብ ትችላለች፤ ሰው መጠየቅም አያስፈራትም። ስለዚህ ትምህርት ቤቷን ትታ አብራ መጣች።

አውቶቡሱ እያቃሰተ ወጣ። አቧራው እንዳይገባ መስኮቱ ሁሉ ስለተዘጋ ብዙም ሳይቆይ ውስጡ እንደ ምድጃ ጋለ። ደበሌ ዓይኑን ገልጦ እህቱን አየና «ውሃ» አለ። ጠርሙሱን ብታስጠጋለትም ከንፈሩን አርሶ ተወው።

«መስኮቱን ትንሽ ክፈቱልን፤ ልጁ አየር አጠረው» አለች አደይ።

«ንፋስ ይመታዋል!» አለች አንዲት ሴት። «ለሳል ንፋስ መርዝ ነው።»

«አቧራውስ?» አለ ሌላው። ስለ መስኮቱ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ማንም ሳይከፍተው ቀረ።

ጥያ ሲደርሱ ሞተሩ ስለጋለ ሾፌሩ ውሃ ሊጨምርበት አቆመ። ሰው ሁሉ ወርዶ ተንሰራፋ። እናቷ ደበሌን ይዛ ጥላ ሥር ስትቀመጥ አደይ ከሻይ ቤቱ በር ላይ ነጯን ፔጆ አየቻት።

የማን እንደሆነች ወዲያው አወቀች። ቡታጅራ ውስጥ ያቺን መኪና የማያውቅ የለም። የጋሼ ኃይሌ ናት። ልጃቸው ከአደይ ጋር አንድ ክፍል ስለምትማር ዝናብ ሲዘንብ በዚያች መኪና ከትምህርት ቤት በር ላይ ስትወሰድ ሁሉም ቆሞ ያያታል። አደይም ከሚያዩት አንዷ ነበረች።

ጋሼ ኃይሌ ሻያቸውን ጨርሰው ቁልፋቸውን እያሽከረከሩ ሲወጡ ፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ ኃይሌ፣ እንደምን አደሩ። እኔ አደይ ነኝ፤ ከልጅዎ ጋር አንድ ክፍል ነን።»

«እ፣ የዱባለ ልጅ! ምን ልታደርጊ መጣሽ እዚህ?»

ነገረቻቸው። ወሬዋ ከአፏ ቶሎ ቶሎ እየወጣ እርስ በርሱ ተደናቀፈ። እሳቸው ወደ ጥላው ሄደው የደበሌን ግንባር በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይኼ ልጅማ በአውቶቡስ የሚሄድ አይደለም» አሉ። «ከኋላ ለወንድሜ ቤት የምወስደው ቆጮ ነው፤ እስከ ጣሪያ ሞልቷል። ከፊት ግን አንድ ሰው ይገባል። እናትሽ ታቅፋው ትግባ፤ እኔ ሐኪም ቤቱ በር ላይ አደርሳታለሁ። አንቺን ግን የማስቀምጥበት የለኝም።»

አደይ ወደ እናቷ ዞራ በጉራጊኛ ነገረቻት። መሰለች መኪናዋን አየች፤ ልጇን አየች፤ ከዚያ አደይን ትክ ብላ አየቻት።

«አንቺ ከሌለሽ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?»

«ጋሼ ኃይሌ አሉ እኮ። የሀገር ሰው ናቸው።»

«እሳቸው በሩ ላይ ጥለውኝ ቢሄዱስ?»

አቶ ሀቢቡ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመው ይሰሙ ነበር። «ልጄ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «መኪና ይፈጥናል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ከእናትሽ ባትለያዪ አይሻልም? ከተማ ነው እኮ።»

አደይ ደበሌን አየችው። የአፍንጫው ቀዳዳ በየትንፋሹ ይሰፋል፤ ከንፈሩ ዙሪያ ግራጫ ሆኗል። አውቶቡሱ ገና ኮፈኑ ተከፍቶ እንፋሎት ይተፋል። መቼ እንደሚነሳ ሾፌሩም አያውቅም። ፔጆዋ ደግሞ ቁልፏ ተሰክቶ፣ የፊት ወንበሯ ባዶ ሆኖ፣ በሯ ተከፍቶ ትጠብቃለች።

«ግቢ እማ» አለች። «አሁኑኑ ግቢ።»

እናቷን ደግፋ አስገባቻት። ጋቢውን በደበሌ እግር ዙሪያ ጠቀለለች። ከዚያ በመስኮቱ አንገቷን አስገብታ «ስሚኝ» አለቻት። «ማንንም ብታገኚ፣ 'ልጄ መተንፈስ አቃተው' በይ። በአማርኛ። በይ እስቲ።»

«ልጄ መተንፈስ አቃጠው።»

«አቃ-ተው።»

«ልጄ መተንፈስ አቃተው።»

«በቃ፣ እሱን ብቻ በይ፤ ይገባቸዋል። እኔ እደርስብሻለሁ። በሩ ላይ እንገናኝ።»

ፔጆዋ ስትነሳ የእናቷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች። ቃሉን ታጠናው ነበር። አቧራው መኪናዋን ዋጣት፤ አደይም ወደ አውቶቡሱ ተመለሰች።

*

አውቶቡሱ አዲስ አበባ ዳር ሲደርስ ሾፌሩ ወደ መንገዱ ጥግ ይዞ ሞተሩን አጠፋ።

«ከዚህ አላልፍም» አለ። «ወደፊት ድንጋይ እየወረደ ነው። መስታወቱ ቢሰበር የምከፍለው እኔ ነኝ።»

በየካቲት 1966 ዓ.ም. ቤንዚን ተወደደ ተብሎ የከተማው ታክሲዎች አድማ የመቱበት ቀን ነበር። ቡታጅራ ወሬው ገና አልደረሰም። የሚንቀሳቀስ ታክሲ አንድም የለም፤ የከተማው አውቶቡሶችም ገሚሱ መስታወታቸው ረግፎ በየመንገዱ ቆመዋል። ተማሪዎች ይጮኻሉ፤ ፖሊሶች ይሮጣሉ። የተቀረው ሕዝብ ሁሉ ሥራ ለመግባትም፣ ከሥራ ለመመለስም፣ ዘመድ ለመፈለግም በእግሩ ወጥቷል። አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው።

መንገደኞቹ አጉረምርመው ወረዱ። ዕቃ የበዛበትን ሌላው አገዘው፤ አንዲት አሮጊትን ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደገፏቸው። የቡታጅራ አውቶቡስ ሰው ተያይዞ በእግሩ ወደ ከተማው ገባ።

«አብሽሪ» አሉ አቶ ሀቢቡ የአደይን ስንቅ ተቀብለው። «ሐኪም ቤቱን አውቀዋለሁ። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«እናቴ ደርሳለች አይደል? በመኪና ስለሆነች ይኼ ሁሉ ሳይጀመር ደርሳለች።»

ሽማግሌው እርምጃቸውን ብቻ አፈጠኑ።

ወደ መሀል ሲጠጉ መኪኖቹን አገኙ። ታክሲ ስለጠፋ መኪና ያለው ሁሉ መኪናውን ይዞ ወጥቶ መንገዱን ሞልቶታል። ወደፊትም ወደኋላም የሚንቀሳቀስ የለም። ጥሩንባው ጆሮ ያደነቁራል። በመኪኖቹ መካከል እግረኛው ዕቃ ተሸክሞ፣ ልጅ አዝሎ፣ ጎኑን እያሾለከ ያልፋል። አደይ በመኪኖቹ መሀል ስትሄድ ዓይኗ ነጭ ነጩን ይፈልግ ነበር። እንዳታገኝም ትጸልይ ነበር።

ፔጆዋን ግን አገኘቻት። የፊት መስታወቷ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። ጋሼ ኃይሌ በሩን ቆልፈው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የፊቱ ወንበር ባዶ ነው።

አደይ መስኮቱን ደበደበች። «እናቴስ?»

ጋሼ ኃይሌ መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አደረጉ። ላብ አጥምቋቸዋል። «ወረደች» አሉ። «ስንቆም፣ ስንቆም፣ ልጁም እየባሰበት ሲሄድ 'ልውረድ' አለችኝ። 'ተይ፣ አሁን ይከፈታል' ብላት አልሰማችኝም። ድንጋዩ ከመጣ በኋላማ ማን ይያዛት።»

«ብቻዋን? ብቻዋን ለቀቋት?»

«አቅጣጫውን አሳየኋት! በዚያ ነው አልኳት» ብለው በሕዝቡ ላይ እጃቸውን ዘረጉ። «ምን ላድርግ ልጄ? መኪናዬን ለማን ትቼ ልከተላት?»

«አሁንስ ይውረዱና አብረን እንፈልጋት» አሉ አቶ ሀቢቡ። «አንድ ዓይን ከሁለት ዓይን አይበልጥም።»

ጋሼ ኃይሌ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደፊት አዩ። ወደፊት የሚታይ ነገር አልነበረም፤ የተሰነጠቀው መስታወት ብቻ ነበር። «ያቃጥሉብኛል» አሉ። «ያለኝ ይቺው ናት፤ ያቃጥሉብኛል።»

አደይ ከዚያ በኋላ አልጠበቀችም። ሮጠች።

*

ሐኪም ቤቱ በር ላይ እናቷ አልነበረችም።

ጥበቃውን ጠየቀች። «ልጅ ያቀፈች፣ ከገጠር የመጣች፣ አማርኛ የማትችል ሴት?» ጥበቃው የተሰበሰበውን ሰው በእጁ አሳያት። በሩ ላይ ልጅ ያቀፉ ሴቶች ሞልተዋል። አደይ እየሄደች የእያንዳንዷን ፊት አየች። ግቢ ገብታ አየች። ተመልሳ ወጣች። አቶ ሀቢቡ መንገዱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች እያሉ ፈልገው ብቻቸውን ተመለሱ። የት ሄዳ ትፈልጋት? ብትሄድ ደግሞ እናቷ ብትመጣስ? «በሩ ላይ እንገናኝ» ያለቻት ራሷ አደይ ናት። ስለዚህ በሩ ላይ ቆመች።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ መሰለች ከማይጠበቅበት አቅጣጫ መጣች። አንዱ ጫማዋ የለም። ነጠላዋ መሬት ይጎትታል። ደበሌን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛው፣ አደይ አጠገቧ ደርሳ «እማ!» ስትላት እንኳ ሳታያት አልፋ ጥበቃው ፊት ቆመች።

«ልጄ መተንፈስ አቃተው» አለችው።

«እማ፣ እኔ ነኝ!»

«ልጄ መተንፈስ አቃተው። ልጄ መተንፈስ አቃተው።»

ድምፅዋ ሻክሮ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያገኘችውን ሰው ሁሉ እንዲሁ ስትለው ውላለች። ሰዎች አዝነውላታል፤ በእጃቸው አሳይተዋታል፤ «በዚህ ሂጂ፣ ከዚያ ታጠፊ፣ አደባባዩን አልፈሽ» ብለዋታል። ቃሉ ግን አልገባትም። እጃቸው ወደጠቆመበት ሄዳ፣ ሌላ ሰው አግኝታ፣ እንደገና ያንኑ ብላ፣ ሌላ እጅ ተከትላ ነበር።

ጥበቃው ወደ ውስጥ አስገባቸው፤ አንዲት ነርስ ጋቢውን ገለጠች። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አኖረች፤ አንስታ ሌላ ቦታ አኖረች። በአውራ ጣቷ የዓይኑን ቆብ ገለጥ አደረገች። ከዚያ ጋቢውን መልሳ አለበሰችውና አደይን አየቻት።

«ወንድምሽ ነው?»

«አዎ።»

«እናትሽ አማርኛ አትችልም?»

«አትችልም።»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪያት» አለች ነርሷ። «ካረፈ ቆይቷል በያት። መንገድ ላይ ነው።»

አደይ አፏን ከፈተች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትናገረው ጉራጊኛ እምቢ አላት። እናቷ በጉጉት ታያታለች፤ ነርሷ ያዘዘችውን መድኃኒት ልትነግራት የመጣች ይመስል። በመጨረሻ አደይ የእናቷን ክንድ ይዛ በጆሮዋ ነገረቻት። መሰለች ልጇን ይበልጥ አጥብቃ ያዘችና ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

*

አቶ ሀቢቡ መርካቶ ካለው ወንድማቸው ቤት አሳደሯቸው። ጠዋት «እዚሁ እንቅበረው፤ እኔ ሰው አሰባስባለሁ» ሲሉ መሰለች ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «አባቱ ሳያየው?» አለች።

አውቶቡስ ሬሳ አይጭንም። የሚከራይ መኪና የለም፤ ቤንዚን ማደያው ሁሉ ተዘግቷል። አቶ ሀቢቡ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ለምነው ነበር፤ «በእንዲህ ያለ ቀን ሬሳ ይዤ?» ብሎ ሄደ።

አደይ ይህን ሁሉ ቆማ ሰማች። ከዚያ እናቷ ፊት ተንበርክካ ጋቢውን አስተካከለች። የደበሌን ፊት እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን ወደ እናቷ ጡት አዞረችው፤ ነጠላዋንም አለበሰችው።

«እንሂድ እማ» አለች። «አታልቅሺ። እስክንደርስ ድረስ እንዳታለቅሺ።»

አቶ ሀቢቡ አዩዋት። «ልጄ፣ ትችይዋለሽ?»

«አላውቅም» አለች አደይ።

አቶ ሀቢቡ እስከ መነሻው ሸኟቸው። ለቡታጅራ የሚነሳው አንድ አውቶቡስ ብቻ ስለነበር የሁለት አውቶቡስ ሰው ተጭኖበታል። በሩ ላይ ሌላ ረዳት መሰለችን አቁሞ ጋቢውን አየ።

«ልጁን ምን ነካው?»

«ትናንት ሐኪም አይታዋለች» አለች አደይ። «ተኝቷል።»

«ግቡ፣ ግቡ! ጠጋ በሉ!»

ከአንዲት ወፍራም ሴት አጠገብ ተጨናንቀው ተቀመጡ። ከኋላ ጎረምሶች ስለ አድማው ይጨቃጨቃሉ፤ ታክሲ ነጂዎቹ ጀግና ናቸው ይላል አንዱ፣ ሌላው ይስቃል። ጉዞው ሲጀመር መሰለች ዓይኖቿን ጨፈነች። ልጁ ከክንዷ ላይ ይንሸራተት ጀመር።

«እናትዬ፣ ደክሞሻል» አለች ሴትየዋ። «ስጪኝ እስቲ፣ እኔ ትንሽ ልያዝልሽ።» መልስ ሳትጠብቅ እጇን ዘርግታ ከጋቢው የወጣውን ትንሽ እግር ያዘች።

እጇ እዚያው ቀረ።

አደይ ሴትየዋን አየቻት። ሴትየዋም አደይን አየቻት። አንድ ቃል ብትናገር ሾፌሩ ያቆማል፤ ሜዳ ላይ ያወርዳቸዋል። አደይ አልለመነቻትም፤ ዓይኗንም አልነቀለችም።

ሴትየዋ እግሩን ቀስ አድርጋ ወደ ጋቢው መለሰችና ጫፉን ጠቀለለችው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረች።

«እናንተ ልጆች፣ ድምፃችሁን ቀንሱ!» አለች። «ሕፃን ተኝቷል እዚህ።»

ጎረምሶቹ ዝም አሉ። ዝምታው ከወንበር ወደ ወንበር ተላለፈና የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ብዙ ከሄዱ በኋላ መሰለች ዓይኗን ሳትገልጥ ተናገረች። «ከመኪናው ባልወርድ ኖሮ…»

አደይ ልትመልስላት ፈለገች። «ባላስገባሽ ኖሮ» ልትል። «አብሬሽ ብሆን ኖሮ» ልትል። የሚያጽናና አንድም ቃል አላገኘችም። በአማርኛም፣ በጉራጊኛም የለም።

«ስጪኝ» አለች። «ክንድሽ ዝሏል።»

ደበሌን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስተኛችው። በሕይወት እያለ እንዲህ አይከብድም ነበር። አውቶቡሱ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ራሱ እንዳይወዛወዝ በመዳፏ ደገፈችው።

ቡታጅራ ሲደርሱ ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ወደ በሩ ሲጋፋ ሴትየዋ ተነስታ በወፍራም ገላዋ መተላለፊያውን ዘጋች፤ እስኪወርዱም ማንንም አላሳለፈችም። አደይ ደበሌን ጀርባዋ ላይ አዘለችው። እናቷ ከኋላዋ ጋቢውን አሰረችላት።

«እዚህ አንናገርም» አለች አደይ። «አባዬ ከመንገደኛ አፍ እንዲሰማው አልፈልግም።»

በገበያው አቋርጠው ሄዱ። የሚያውቃቸው ሁሉ ይጠይቃል። «ደህና ገባችሁ? ልጁ ተሻለው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች አደይ፣ ሳትቆም።

«ሐኪሙን አገኛችሁት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከቤታቸው በር ላይ አባቷ ቆሟል። ከቆሼ የተመለሰው ገና አሁን ነበር መሰል፤ የበርበሬው አቧራ ልብሱን አቅልቶታል። ሲያያቸው ፊቱ በራ፤ እጁን ወደ ልጁ ዘርግቶ ሊቀበላቸው መጣ። መሰለች ከኋላ አጥሩን ይዛ ቆመች።

አደይ አልቆመችም። የጋቢውን ቋጠሮ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ አባቷ ሄደች።